ማሰልጠኛ አውሮፕላን ሲባል ክንፉ ስርም ይታይ

ይድረስ ለክቡር አዘጋጁ፦

ሰሞኑን ስለ ማሰልጠኛ አውሮፕላኖች ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ጥሩ ሥራ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆረቆረኝ። አውሮፕላኖቹ ማሰልጠኛ ስለሆኑ መሳሪያ አይታጠቁም ብላችሁ አልፋችኋል። እኔ ለዓመታት እነዚህን አውሮፕላኖች ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ነገሩ እንዲህ በአንድ መስመር አያልቅም።

መሰረታዊ ማሰልጠኛ ሲመረጥ ፍጥነት አይቀድምም። የሚፈለገው የጀማሪን ስህተት የሚችል አውሮፕላን ነው። ጀማሪ ፍጥነቱ ማለቁን ሳያስተውል አፍንጫውን ሽቅብ ይስባል። ክንፉ መሸከም ያቅተዋል፣ አውሮፕላኑም እየተሽከረከረ ቁልቁል ሊወርድ ይችላል። ከዚህ ሽክርክሪት በቀላሉ የማይወጣ አውሮፕላን ለጀማሪ አይሆንም። አሰልጣኙ እኮ ሆን ብሎ እዚያ ውስጥ ያስገባዋል፤ ልጁ መውጫውን በገዛ እጁ እንዲለምደው።

የወንበሩ አቀማመጥም ትልቅ ጉዳይ ነው። እንደ ግሮብ 120ቲፒ ባሉት ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አሰልጣኙ የልጁን እጅ ያያል። ስቲኩን፣ ማለትም መሪውን ዘንግ፣ ጨምድዶ ከያዘው ትከሻው ድረስ መወጠሩ ያስታውቃል፤ «ላላ አድርገው» ቢለው ይበቃል። እንደ ቱካኖ ባሉት ደግሞ ፊትና ኋላ ነው። ሰልጣኙ ፊት ለፊቱ ሰማይ ብቻ ነው፤ ተዋጊ ጄት ላይ የሚጠብቀውን ብቸኝነት ከአሁኑ ይለምዳል። የኋላው ወንበር ከፍ ያለ ስለሆነ አሰልጣኙ በልጁ ራስ ላይ አሻግሮ ያያል።

ወጪም አለ። ጄት ነዳጅ ይጨርሳል። ብራዚል ቲ-37 ጄቶቿን፣ እንግሊዝም ጄት ፕሮቮስትን ፕሮፔለሩን በተርባይን ሞተር በሚያሽከረክረው (ቱርቦፕሮፕ) ቱካኖ የተኩት በዋናነት ለዚህ ነው። ቱካኖ ፕሮፔለር ቢኖረውም የጄት ጠባይ እንዲያስተምር ታስቦ የተሠራ ነው። ሞተሩና ፕሮፔለሩ በአንድ ማንሻ ይታዘዛሉ፣ አብራሪውን አስፈንጥሮ የሚያወጣ ወንበርም አለው።

አሁን ወደ መሳሪያው ልምጣ። ይኸው የብራዚሉ ቱካኖ ክንፉ ስር መሳሪያ የሚሰቀልበት አራት ማንጠልጠያ ቦታ አለው፤ እስከ 1,000 ኪሎ ግራም ይሸከማል። ሰልጣኙ ከፍ ወዳለው ደረጃ ሲደርስ ሮኬት መተኮስና የልምምድ ቦምብ መጣል ይማርበታል። ተጨማሪ የነዳጅ ታንክም ይሰቀልበታል። ማንጠልጠያ ቦታ ባለው አውሮፕላን ስር ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ፣ ምንም ባልተሰቀለበት ቀን እንኳ በብሎን የታሰረች ትንሽ ክዳን ታገኛላችሁ። ብዙ ጎብኚ አጠገቧ ቆሞ ፎቶ ይነሳል እንጂ አያያትም።

ክዳኗ ስላለች ግን አውሮፕላኑ ተዋጊ ነው ማለት አይደለም። መተኮስ እንዲችል ከኮክፒት እስከ ክንፍ የሚዘረጋ ሽቦ፣ ማነጣጠሪያና መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል። ጦር ሜዳ ሊሄድ ከሆነ ደግሞ ለአብራሪው ጥይት መከላከያ ብረት ይገባለታል። ይሄ ሁሉ ክብደት ነው። ጭራሽ መሳሪያ የማይሸከሙ ማሰልጠኛዎችም አሉ።

ከማሰልጠኛ ተነስተው ተዋጊ የሆኑትም ጥቂት አይደሉም። ከቲ-37 የተወለደው ኤ-37 ቬትናም ውስጥ ተዋግቷል። ከጄት ፕሮቮስት ስትራይክማስተር መጣ። ሱፐር ቱካኖ ክንፉ ውስጥ ሁለት 12.7 ሚሊ ሜትር መትረየስ ተገጥሞለት ነው የሚወጣው።

ከሁሉ የሚያመኝ የቻዱ ታሪክ ነው። ስዊዘርላንድ ሠራሹ ማሰልጠኛ ፒላተስ ፒሲ-9 ለስልጠና ተብሎ ለቻድ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ ግን ሱዳን ዳርፉር ውስጥ ለቦምብ ድብደባ ዋለ። የስዊዘርላንድ መንግሥት ራሱ አረጋግጦታል። እነዚህን ማሽኖች ስንከባከብ የምንውል ሰዎች ይሄን ስንሰማ ደማችን ይፈላል። ልጆች መብረር እንዲማሩበት የተሠራ ነገር ነዋ!

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዘገባውን ስታስተካክሉ ማሰልጠኛ የሚለው ቃል ላይ አትቁሙ። ማንጠልጠያ አለው ወይ? ማነጣጠሪያና ሽቦውስ አብሮ ተገዝቷል? ውሉ ላይ ለምን እንዲውል ተፈርሟል? ብላችሁ ጠይቁልን። የሞዴሉንም ስም ከነመጨረሻ ፊደሉ ጻፉልን። ኤስኤፍ-260 ማሰልጠኛ ነው፤ ኤስኤፍ-260ደብሊው ግን መሳሪያ እንዲሸከም የተዘጋጀው ወንድሙ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ