ለአባባ፦ ኮሮላው ይሸጥ ወይ ላሉኝ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ። እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው፤ አባባ መቼ ነው የሚመጣው እያሉ ይነዘንዙኛል።

ባለፈው በስልክ የጀመርነውን ነገር ኔትወርኩ ቆረጠብንና ሳንጨርሰው ቀረን። በስልክ ደግሞ እርስዎ ይጮኻሉ፣ እኔም እጮኻለሁ፣ የሰማ ሰው የተጣላን ይመስለዋል። በጽሑፍ ይሻላል። ለጎረቤት ልጅ በቴሌግራም እልክለታለሁ፤ ቀስ እያለ ያንብብልዎ።

ትንሹ ወንድሜ ኮሮላውን ሽጠው ገንዘቡን እንዲሰጡት ይፈልጋል። እሱም ትንሽ ጨምሮ፣ ትንሽ ተበድሮ የኤሌክትሪክ መኪና ይገዛና አዲስ አበባ ላይ ራይድ (በስልክ የሚጠራ ታክሲ) ይሠራል። እርስዎ ደግሞ "ባትሪው የሞተ መኪና ባትሪ እንዳለቀበት ሬዲዮ ነው፣ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጠህ ታየዋለህ" አሉት። እሱ "አባባ ከዘመኑ ቀርቷል" ብሎ አኮረፈ። እኔን ዳኛ አደረጋችሁኝ።

እንግዲህ ሥራዬን ያውቁታል። ትራንዚተር ነኝ። መኪኖቹ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርሱ ወረቀታቸውን የምንጨርሰው እኔና መሰሎቼ ነን። ስለዚህ ከፌስቡክ የለቃቀምኩትን አይደለም የማወራዎት።

መጀመሪያ ያልተስማማሁበትን ልናገር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባትሪው መንገድ ላይ ይፈነዳል፣ በስልክ ቪዲዮውን አይቻለሁ አሉኝ። አባባ! የባንክ ገንዘብ ከፋይ የቆጠረውን ብር እንኳ መልሰው የሚቆጥሩ ሰው፣ ስልክ ውስጥ የገባ ሁሉ እንዴት እውነት ይሆንብዎታል? የኤሌክትሪክ መኪና ይቃጠላል፣ አልካድኩም። ሲቃጠልም ማጥፋቱ ከባድ ነው፤ ውሃ በብዛት ይፈልጋል፣ ጠፋ ሲሉት መልሶ ይነሳል። ግን በቁጥር ከታየ የሚበዛው የቤንዚኑ መኪና ቃጠሎ ነው። እርስዎስ በሹፌርነትዎ ዘመን በአሰብ መንገድ ስንት ቦቴ ሲነድ አይተዋል? ያኔ መኪና መንዳት አቆማለሁ አላሉም።

ሞተሩንም አይናቁት። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ጣርማ በር ለመውጣት ሽቅቡ ከ1,700 ሜትር በላይ ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ወደ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይበላል። ባትሪው የሚይዘው 60 ከሆነ፣ ከስድስት አንዱን ጣርማ በር ዋጠው ማለት ነው። ይሄ እንግዲህ መንገዱ በራሱ የሚፈልገው ሳይቆጠር ነው። ቁልቁለቱ ላይ ግን ጉድ ነው የሚያዩት። እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ (ነዳጅ የለውም እንጂ) ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ይሆናል። መኪናውን ይይዘዋል፣ በያዘበት ጉልበት ደግሞ ባትሪውን ይሞላል። እርስዎ ተሳቢ ጭነው ማርሽ ቀንሰው በሞተር ይዘው ሲወርዱ ያ ሁሉ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ነው የሚጠፋው። የፍሬን ሸራ ሽታው እስከ ደብረ ሲና ይከተል ነበር ብለው ነግረውኛል። በዚህ መኪና የተወሰነው ተመልሶ ይገባል። ካምቢዮ የለው፣ ፍሪሲዮን የለው፣ ካንዴላ የለው፣ ዘይት ቀይሩልኝ አይል። አንድ ቀን ቢነዱት ትንሹን ትተው እርስዎ ይገዙት ነበር።

ስለዚህ መኪናውን አይጠርጥሩ። እኔ የምጠረጥረው ከመኪናው ጋር አብሮ መምጣት የነበረበትን ነው።

በ2014 የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆነ። ተገጣጥሞ ለሚገባው ጉምሩክ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚመጣው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚመጣው ዜሮ ተባለ። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አቶ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም አሉ። አለቀ። ሌላው ዓለም በፈረንጆቹ 2030 እናቆማለን፣ በ2035 እናቆማለን እያለ ቀጠሮ ሲያራዝም እኛ ባንዴ በሩን ዘጋነው።

ምክንያቱ ይገባኛል። ነዳጅ በዶላር ነው የሚገዛው፤ በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይወጣበታል። ኤሌክትሪኩ የራሳችን ነው፣ ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ከውሃ የሚመነጭ። የህዳሴው ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ባለፈበት አገር ይሄ ክርክር ባዶ አይደለም። እኔም ሚኒስትር ብሆን ሳይፈትነኝ አይቀርም።

ብቻ ግድቡ ጉባ ነው ያለው። ትንሹ ደግሞ ተከራይቶ የሚኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መኪናውን የት ይሰካዋል? በመስኮት ገመድ ሊያወርድ ነው? ምድር ቤት ያለው ሶኬት የጋራ ቆጣሪ ነው፤ የሕንፃው ኮሚቴ ስለ ውሃ ፓምፕ ሒሳብ እንኳ ተስማምቶ አያውቅም። ቢስማሙለት ደግሞ፣ በተራ ሶኬት ባዶ ባትሪ ለመሙላት አንድ ሙሉ ቀን አካባቢ ይፈጃል። መብራት ካልሄደ። ግቢ ያለው ሰው ደህና የግድግዳ ቻርጀር አስገጥሞ ማታ ሰክቶ ይተኛል፣ ጠዋት ሞልቶ ያገኘዋል። ትንሹ ግን የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ፍለጋ ሊዞር ነው። እዚያም ሰልፍ አለ። ሰልፍ ላይ የቆመ ራይድ ብር አይሠራም።

ጋራዡስ? ከሚገቡት መካከል ፎልስዋገን አይዲ 6 የሚባል አለ። ያ መኪና የተሠራው ለቻይና ገበያ ብቻ ነው፣ ጀርመን አገር እንኳ አይሸጥም። እኛ ዘንድ ግን በነጋዴ በኩል ይገባል። በዚህ መንገድ ሲገባ አምራቹ የሚሰጠው ዋስትና ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ኮሮላው ቢበላሽ ደሴ ያለ የትኛውም መካኒክ ኮፋኖ ከፍቶ እያፏጨ ይፈታዋል። የዚህን ባትሪ የሚከፍት ሰው ደሴ ላይ ማነው? አዲስ አበባ ላይም ቢሆን የሚያውቁት እየበዙ ነው እንጂ ገና አልበቁም። እርስዎ ማንኛውንም ዕቃ ሲገዙ "ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?" ይሉ ነበር። ዛሬም ጥያቄው እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ያናድደኛል፣ ልተንፍሰው። ግብሩ የተነሳው ለማነው? ሚሊዮኖች ከፍሎ አዲስ መኪና መግዛት ለሚችል ሰው ነው። ወረቀቱን ስለማየው አውቃለሁ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ መኪናቸውን ያስገቡ አሉ። የመንግሥትን ግብር የሚምሩለት ይሄ ሰው ነው? የአዲስ አበባ ሕዝብ አብዛኛው በእግሩና በታክሲ ነው የሚሄደው። ማታ ሜክሲኮ አደባባይ ቢመጡ የሰልፉን ጭራ አያዩትም። ያ ሁሉ ምሕረት መጀመሪያ ለአውቶቡስ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት? በእርግጥ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች መግባት ጀምረዋል። ግን ቅደም ተከተሉን ይመልከቱት።

ቅደም ተከተል ካልን ዘንዳ፣ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። ኮምቦልቻ ወርደው ሐዲዱን ይዩት። በ2007 ሥራው ሲጀመር ስንት ተወራ! ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርስ፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር፣ 1.7 ቢሊዮን ዶላር። የቱርኩ ያፒ መርኬዚ እስከ ኮምቦልቻ ያለውን ሐዲድ ዘረጋ፣ ጣቢያውም ቆመ። ባቡሩ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ ግን በጊዜው አልደረሰም። እየጠበቀ ሳለ ጦርነቱ መጣና የተረፈውን ታውቁታላችሁ፣ እናንተው አይታችሁታል። እርስዎ ያኔ "ይሄ ባቡር እኔን ቀብሮ ነው የሚመጣ" ሲሉ እኛ ልጆቹ ስቀንብዎት ነበር። (አላህ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ እንደዚያ አይበሉ።)

እዚህ አዲስ አበባም ያው ነው። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ከተማው በሙሉ ፎቶ ሊነሳ ወጣ። 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው የቻይና ብድር። ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ እያደር በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ባቡሩ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ሲገዛ የመለዋወጫውን ነገር በደንብ ያሰበ ስለጠፋ ነው። የጅቡቲውስ? መስከረም 2009 ተመርቆ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ደህና እየሠራም ነው። ቢሆንም ዛሬም የአገሩን ጭነት አብዛኛውን የሚያመላልሰው ሹፌር ነው። ያኔ ባቡሩ ሹፌሩን ሥራ ያስፈታዋል ብለው የነበሩት ጓደኞችዎ ይስሙ።

ስለ ትንሹ ፍርዴን ልስጥ። ልጁ ሞኝ አይደለም። ራይድ ለሚሠራ ሰው የነዳጅ ወጪ ትልቁ ዕዳ ነው፤ ከማደያ ሰልፍ መገላገሉም ቀላል አይደለም። ግን ኮሮላውን አይሽጡለት። የነዳጅ አውቶሞቢል አይገባም ከተባለ ወዲህ በእጅዎ ያለው መኪና ከብር ይሻላል። መጀመሪያ እሱ ግቢ ያለው ቤት ይከራይ፣ ባለቤቱ ቻርጀር እንዲያስገጥም በውሉ ላይ ይፍቀድለት። ከዚያ እዚህ ባሉት መኪኖች ላይ ተቀጥሮ ለጥቂት ወራት ይንዳ፣ የሰው ባትሪ ላይ ይማር። ያኔም ሐሳቡን ካልቀየረ እኔ እጨምርለታለሁ። ይሄን ንገሩልኝ ብላለች በሉት፤ እኔ ስነግረው አይሰማኝም።

ሌላው የስልክ ብር ጉዳይ ነው። ከ2015 ጀምሮ ነዳጅ በካሽ መቅዳት ቀርቶ እንደ ቴሌብር ባለ የስልክ ክፍያ ሆነ፣ እርስዎም እስከ ዛሬ የጎረቤት ልጅ እያስከፈሉ ይቀዳሉ። ዘመናዊ ስልክ አልገዛም ማለትዎን አልነቅፍም። ግን በዚያችው ባለ ቁልፍ ስልክ *127# ሲደውሉ ቴሌብር ይሠራል። ልጁ አንዴ ያሳይዎት፣ የሚስጥር ቁጥሩን ግን ለእሱም ቢሆን አይንገሩት። ቅሬታዎም እውነት ነው፦ ማደያው ነዳጅ አለው፣ እርስዎ ገንዘብ አለዎት፣ ኔትወርኩ የለም፣ ሁሉም ቆሞ ይተያያል። ለእንዲህ ያለ ቀን ካሽ መፍቀድ ማንን ይጎዳ ነበር?

ፋይዳ መታወቂያውንም "ደግሞ ምን ሊያደርጉበት ነው" ብለው ትተውታል። ጥያቄው ትክክል ነው። የመታወቂያው አዋጅ በ2015 ወጣ፣ የግል መረጃን የሚጠብቀው አዋጅ ደግሞ በ2016 ጸደቀ። እዚህም ቅደም ተከተሉን ያዩልኛል። ቢሆንም ያውጡት። ባንኮቹ ያለሱ አናስተናግድም እያሉ ነው፤ የጡረታ ብርዎ ታስሮ እርስዎ መርህ ይዘው ቢቀመጡ አልወድም። ምዝገባው ነፃ ነው፣ ብር የሚጠይቅ ካለ አይስጡት። የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና ፎቶ ያነሳሉ። ጣትዎን ግራሶና ቁልፍ ስለጨረሰው አሻራው እምቢ ሊል ይችላል። አይናደዱ፣ እጅዎን ታጥበው ትንሽ ቅባት ነካ አድርገው ደግመው ይሞክሩ። በዓይንም ይመዘግባሉ።

መጨረሻ የመምጣትዎ ነገር። ዓይንዎን ለማሳየት በአውቶቡስ እመጣለሁ ማለቱን ይተዉት። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ በሆነበት በዚህ ጊዜ ልቤ አይችልም። አውሮፕላን አገር አያሳይም ይላሉ፤ ያንን መንገድ ዕድሜዎን ሙሉ አይተውታል፣ ይበቃዎታል። ከኮምቦልቻ ቲኬቱን እኔ እቆርጣለሁ። የሚመችዎትን ቀን ብቻ ይንገሩኝ፣ ጁምዓ እንዳይሆን። የቀበሌ መታወቂያዎ ጊዜው ያለፈበት እንደሆነ አሁኑኑ ያሳድሱት። ማር አይጫኑ፣ ባለፈው ሻንጣው ውስጥ ፈሶ ጋቢውን አበላሽቶታል።

ለእማማ ሰላም በሉልኝ። ትንሹንም አብሽር በሉት።

ልጅዎ
አዲስ አበባ