ጊዮርጊስን ዌልስ ገጠር አገኘሁት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የጉዞ ዓምዳችሁን አላልፈውም። ግን ሁልጊዜ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ሮም! እስቲ አንዴ እንኳ የገጠር ቤተ ክርስቲያን አሳዩን። እናንተ እስክትጽፉ እኔ ልጀምርላችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ላንካርቫን ሄጄ ነበር። ከዌልስ ዋና ከተማ ከካርዲፍ በስተምዕራብ ያለች ሚጢጢ መንደር ናት። (ስሟን እንደ አገሬው ለመጥራት ምላስን ላንቃ ላይ ለጥፎ በጎን እፍ ማለት ያስፈልጋል፤ ሞክሬ ትቼዋለሁ።) ቅዱስ ካዶክ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገዳም የመሠረተው እዚህ ነው ይባላል፤ አሁን የቆመው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ግን የመካከለኛው ዘመን ነው። ከውጭ ሲያዩት ይህን ያህል አይደለም።

ገብቼ ቀና ስል ግን ጊዮርጊስ! ፈረሱ ላይ ሆኖ ደራጎኑን በጦር ይወጋዋል። ሥዕሉ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የእኛዋ ቤሩታዊት ዛፍ ላይ ናት አይደል? የእነሱ ግን ከበግ ጋር ቆማለች፣ ንጉሥ አባቷና ንግሥት እናቷ ደግሞ ከግንብ ላይ ሆነው ያያሉ። ወረድ ብሎ ሌላ ሥዕል አለ፤ አንድ ዘንጦ የለበሰ ጎረምሳ፣ ከፈን የለበሰ አጽም እጁን ይዞ ሲወስደው። እሱ ጋ ትንሽ ፈዝዤ ቀረሁ።

ይህ ሁሉ ለ450 ዓመት ገደማ አልታየም ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በፕሮቴስታንቶች ተሐድሶ ጊዜ፣ ሥዕል ይጥፋ ተብሎ ሲታዘዝ በኖራ ለቀለቁት፤ ከዚያ በኋላም በላዩ ላይ ኖራ ሲደረብበት ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ ከኖራው ሥር ቀጭን ቀይ መስመር ታየች። ባለሙያዎች በሐኪም ምላጭ እየፋቁ፣ ጣት በጣት፣ ዓመታት ፈጅተው አወጡት።

እኔን ያንገበገበኝ ምን መሰላችሁ፣ ልጅ ሆኜ የተሳለምኩበት አገር ቤት ያለ ደብር የድሮ ሥዕሉን «አርጅቷል» ብሎ በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ደፍኖታል። ኖራ እኮ ቢያንስ ይፋቃል። የዘይት ቀለም ግን ሲነሳ ሥዕሉንም ይዞት ሊነሳ ይችላል። እባካችሁ ስለዚህ ነገር ከሥዕል ጠጋኝ ባለሙያ ጋር ቁጭ ብላችሁ ጻፉልን፤ ብዙ የደብር ኮሚቴ ያነባችኋል።

ወደ ላንካርቫን የምትሄዱ ደግሞ ቡትስ አድርጉ፤ ወንዙ መንገዱን አቋርጦ ነው የሚያልፈው።

አንባቢያችሁ፣ ከካርዲፍ