ለጤና ሚኒስትሩ፦ በሽታ ሲጠፋ አብሮ ስለሚጠፋው በጀት

ለተከበሩ የጤና ሚኒስትር፣

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ጉዳዬ ገንዘብ ነው፤ እሱም ወረርሽኝ በሌለበት ጊዜ የሚመደበው።

ወረርሽኝ ሲገባማ ብር አይጠፋም። መኪናው ይመጣል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ መግለጫው በየቀኑ ይሰጣል። በሽታው ጋብ ሲል ግን የቅኝት ሠራተኞቹ፣ ማለትም በሽታ መግባቱን ነቅተው የሚከታተሉት፣ ኮንትራት አይታደስም። ናሙና የሚመረመርበት ኬሚካል፣ የላብራቶሪው ሪኤጀንት፣ ያልቃል፣ የሚተካው የለም። «በሽታ የለም፣ ታዲያ ምን ይሠራሉ?» ይባላል። በሽታው የሌለው እነሱ ስላሉ ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ ጥቂት ነው።

ናይጄሪያን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2014 ኢቦላ በአንድ የአውሮፕላን መንገደኛ ሌጎስ ገባ። ሚሊዮኖች ተጨናንቀው በሚኖሩበት ከተማ ምን ሊከተል እንደሚችል መገመት አይከብድም። ሆኖም 20 ሰዎች ታመው፣ 8ቱ ሞተው፣ አገሪቱ በጥቅምት ወር ከኢቦላ ነፃ ተባለች። ፖሊዮን ለማጥፋት የተቋቋመ የአስቸኳይ ጊዜ ማዕከል ቀድሞ ነበራት። ባለሙያዎቹ ቤት ለቤት መዞርና የጠፋ ሰው አፈላልጎ ማግኘት ለምደዋል። ከታማሚዎቹ ጋር ንክኪ የነበራቸውን 900 ገደማ ሰዎች መዝግበው፣ እያንዳንዱን ለ21 ቀናት ተከታተሉ። ይህ ሥራ በጭንቅ ሰዓት የሚጀመር ቢሆን ኖሮ አይደረስበትም ነበር።

ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሌላ ጉዳይም አለ፤ ሪፖርት። የጤና ጣቢያ ነርስ በየሳምንቱ ቅጽ ትሞላለች፣ ናሙና ትልካለች። ውጤቱ ሳይመጣ ታማሚው ወይ ይድናል ወይ ይሞታል። ይህ ሲደጋገምባት ምን ታድርግ? ያለፈውን ሳምንት ቁጥር ገልብጣ ትልካለች። እውነቱን ለመናገር እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ሌላ የማደርግ አይመስለኝም።

ይባስ ብሎ በሽታ መኖሩን ቀድሞ የተናገረ አካባቢ ይገመገማል፣ «ዜሮ» ብሎ የላከው ይመሰገናል። ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ሊያበቃ ሲቃረብ ታማሚ ለጠቆመ ሰው ሽልማት ይሰጥ ነበር። በተፈጥሮ የተያዘው የመጨረሻው ሰው እ.ኤ.አ. በ1977 ተገኘ፣ በ1980 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። እኛ ግን ጠቋሚውን «ስማችንን አጠፋህ» እንለዋለን።

በኩፍኝ ጊዜ ይህ ልማድ ዋጋ ያስከፍላል። አንድ የኩፍኝ ታማሚ ክትባት በሌለበት ሕዝብ መካከል ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል። ስርጭቱን ለመግታት 95 በመቶ ያህሉ ሕዝብ ሁለት ዙር መከተብ አለበት። አገራዊው አማካይ ጥሩ ቢመስልም፣ ያልተከተቡት አንድ አካባቢ ከተሰበሰቡ ቫይረሱ እነሱን ያገኛቸዋል። አማካይ ቁጥር ለመግለጫ እንጂ ለክትባት ዘመቻ ብዙም አይረዳም።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ይህን ነው። የቅኝት ሠራተኞች በቋሚ መደብ ይቀጠሩ፤ ደመወዛቸው ወረርሽኝ በገባና በወጣ ቁጥር የሚንጠለጠል አይሁን። የናሙና ውጤት ለላከው ጤና ጣቢያ የሚደርስበት የጊዜ ገደብ ይወሰን፤ ካለፈም ተጠያቂው ላብራቶሪው ይሁን። ቀድሞ ያሳወቀ ነጥብ አይቀነስበት። የማዕከላዊ ላብራቶሪው ሪኤጀንት ለስንት ቀን እንደሚበቃም በየወሩ ለሕዝብ ይነገረን። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ምላሽዎን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ዜጋ