እጄን ስትመቺኝ ልክ ነበርሽ

ሻሞላዬ፣

ይቅርታውን ቶሎ ልጨርሰው። ሚዜሽ ነበርኩ፣ ሠርግሽ ላይ ግን አልነበርኩም። ቪዛው በዚያው ሳምንት ወጣ፤ ሄድኩ። ከዚያ ለመደወል አፈርኩ። እፍረቱ ደግሞ እንደ አራጣ ብድር በየወሩ እየወለደ ሄደ። ይኸው አራት ዓመት ሆነ። መውለድሽንም ከሰው ነው የሰማሁት። ወንድ ነው ሴት ብዬ ለመጠየቅ ምን አፍ አለኝ።

በቴሌግራም ያልመጣሁብሽ ስጽፍና ስሰርዝ እንዳታይብኝ ነው። ደብዳቤ ይሻላል። ስድብሽ እስኪደርሰኝም ጥቂት ቀን አገኛለሁ።

ደግሞ ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ያስጻፈኝ ናፍቆት ብቻ አይደለም። ከአንቺ የምፈልገው ነገር አለ። ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

እጄ አብጧል። የቀኝ አውራ ጣቴ ቀይ ሽንኩርት አክሏል። በሰይፍ ተመትቼ ነው። ሳቂ፣ ሳቂና ጨርሺ።

ትምህርቱ ደህና ነው፤ ውሃና ግድብ፣ ሌላ የሚወራ የለውም። እዚህ ቻይና፣ ናንጂንግ የመጣሁ ሰሞን ግን ከብዶኝ ነበር። ብርዱ አይደለም፤ ብርድማ ለደብረ ብርሃን ልጅ ምኑ ነው። ሰው ማጣቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ሹዋንዉ ሐይቅ ዳር መሄድ ጀመርኩ። ጡረተኞች ሰይፍ ይዘው ቀስ እያሉ ይሠራሉ። አንድ ቀን አንዲት እናት በእጃቸው ጠሩኝ። አዪ እላቸዋለሁ፣ አክስት እንደማለት ነው። ታይቺ የሚሉት ዝግ ያለ የቻይኖች ማርሻል አርት አለ፤ የእሱን ባለ 32 እንቅስቃሴ የሰይፍ ፎርም፣ ማለትም ተራውን ጠብቆ የሚሠራ የእንቅስቃሴ ቅንብር፣ አስተማሩኝ። እ.ኤ.አ. በ1957 ሕዝቡ በቀላሉ እንዲይዘው ተብሎ የተቀናበረ ነው። ሦስት ዓመት በየጠዋቱ ሠራሁት። ቀይ ዘርፍ የተንጠለጠለበት ሰይፍም ገዛሁ። ፎቶ ተነስቼ ላንቺ ልልክ ስንቴ ከፍቼ ዘጋሁት።

ከዚያ መታበይ ጀመርኩ። የድሮዋን እኔን ታውቂያታለሽ።

ዘንድሮ አንድ የክፍሌ ልጅ «የምርም የሚጋጠሙ አሉ» ብሎ ወሰደኝ። ረቡዕና ቅዳሜ ማታ አንድ ሕንጻ ምድር ቤት ይሰበሰባሉ። ፊት ላይ መረብ ያለው ጭምብል ያደርጋሉ፣ የደረት መከላከያ፣ ወፍራም ጓንት። ሰይፋቸው ብረት ነው፤ ስለት የለውም፣ ጫፉም ደነዝ ነው። ክብደቱ ግን የእውነተኛውን ያህል ነው፣ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው። አሰልጣኙ የኔን ተቀብሎ ወዘወዘው። እንደ ቆርቆሮ ተንቀጫቀጨ። «ይሄ ለዓይን ነው» አለኝና የእነሱን ሰጠኝ። እኔም ቀዩን ዘርፍ ከራሴ ሰይፍ ፈትቼ እሱ ላይ አሰርኩት። ሲያምር! አታስሪው አለኝ፤ እምቢ አልኩ። ገና ሰይፌን እንዳዞርኩ ዘርፉ አንጓዬ ላይ ተጠመጠመ። በራሴ ጌጥ ታስሬ ቆምኩ።

ዘርፉን ፈቱልኝ። አንድ ቀጭን መነጽራም ልጅ ተሰለፈልኝ። ከፎርሙ የምወደውን አቋቋም ይዤ፣ ግራ እጄን ከፍ አድርጌ፣ ሁለት ጣቴን ቀስሬ ቀረብኩት። ቿ! እጄን። እንደገና ቀረብኩ። ቿ! እጄን። ሰባት ጊዜ ገጠምኩት፣ ሰባቱንም ጊዜ እጄን መታኝ። ወደ ደረቴ እንኳ አልመጣም። ለምን ይምጣ? ቅርቡ እጄ ነው፤ እኔው ነኝ እየወሰድኩ የምሰጠው።

ያኔ ነው ትዝ ያልሽኝ።

ከቤታችሁ ጓሮ፣ ባሕር ዛፉ ሥር። ወንድምሽ ቪዲዮ ቤት አሹልኮ ባስገባን ማግስት። እኔ እሽከረከራለሁ፣ እዘላለሁ፣ እጮሃለሁ። አንቺ ዱላሽን ይዘሽ ዝም ብለሽ ትቆሚና ጣቴን ትነርቺኛለሽ። «ሌባ! እጅ አይቆጠርም!» እልሻለሁ። አባባ ጋ ከስሼሽ፣ «እጁን የተመታ በምኑ ይዋጋል?» ብለው ለአንቺ ፈረዱ። አንድ ሳምንት አኮረፍኩሽ። ልክ ነበርሽ። ይሄን ለመጻፍ አውራ ጣቴ ማበጥ ነበረበት።

አሰልጣኙ ሲያሾፍብኝ «አበባ ቡጢ፣ ጥልፍ እግር» ይለኛል። የቻይኖች አባባል ነው፤ አምሮ ለማይሠራ ነገር። ቅሬታው የቆየ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቺ ጂጓንግ የሚባል የጦር አዛዥ ነበር፣ የባሕር ወንበዴዎችን የተዋጋ። ወታደሮቹ ለትርኢት የሚሆን ነገር እንዳይለማመዱ አጥብቆ ይከለክል ነበር። ወንበዴዎቹ በሁለት እጅ የሚያዝ ረጅም የጃፓን ሰይፍ ነበራቸው፣ ሰዎቹንም በጣም ጎድተውበታል። ሰውየው ምን አደረገ መሰለሽ? እ.ኤ.አ. በ1561 የእነሱኑ የሰይፍ ማስተማሪያ እጁ አስገባና ለራሱ ወታደሮች ትምህርት አደረገው። እኔ ብሆን አኮርፍ ነበር።

ይህችው ናንጂንግም የዋዛ ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1928 የአገሪቱ ማዕከላዊ የማርሻል አርት ተቋም የተከፈተው እዚህ ነው። በዚያው ዓመት አገር አቀፍ ፈተና አደረጉ፤ ፎርም አሳይቶ መመለስ ብቻ አልነበረም፣ መጋጠምም ነበረበት። እኔ ያኔ ብፈተን የምወድቀው ገና በሩ ላይ ነው።

እሺ፣ ጭንቀቴን ልንገርሽ። መመታቱን ለምጄዋለሁ። መምታቱ ነው ያቃተኝ። ሰይፌ ወደ ሰው ፊት ሲሄድ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጭምብል እንዳለው አውቃለሁ፤ እጄ ግን አያምንም። ዓይኔን ስጨፍን ደግሞ የሱ ሰይፍ ይገባል፤ እኩል እንመታታለን። አሰልጣኙ «ጎበዞች፣ ሁለታችሁም ሞታችኋል» ብሎ ያጨበጭባል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሻንጋይ ሄደን ከሌላ ቡድን ጋር እንጋጠማለን። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። የመመረቂያ ጽሑፌን ሳስረክብ እንኳ እንዲህ አልሆንኩም።

ሌላም አለ። ከአዪ ደብቄያቸው ነበር የምሄደው። ፎርማቸውን የናቅኩባቸው ይመስላቸዋል ብዬ። ባለፈው ሳምንት ግን እጅጌዬ ሸሸት ሲል ሰንበሩን አዩት። ምንም አላሉም። ሰይፌን አስነሡኝና «ጀምሪ» አሉኝ። የፎርሙ መጀመሪያ እግር ገጥመሽ ቆመሽ የሰይፉን ጫፍ በአንጓሽ ብቻ ወደ ታች ጠቆም የምታደርጊባት ናት። ዲየን ትባላለች፣ ነጥብ ማድረግ። በየጠዋቱ ስሠራት ኖሬያለሁ፤ ለእኔ ጭፈራ ነበረች። አዪ ፊት ለፊቴ ቆሙ፣ ክንዳቸውን ዘረጉ፣ «በይ አሁን» አሉኝ። ጠቆምኩ። ጫፉ ሄዶ አንጓቸው ላይ አረፈ።

ሦስት ዓመት! መነጽራሙ ልጅ የሚመታኝ በእሷ ነው። አንቺም ጓሮ ውስጥ የመታሽኝ በእሷ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጄ ውስጥ ነበረች፣ እኔ አላየኋትም።

አዪ ሳቁብኝ። ለስምንት ዓመት ያህል በወጣትነታቸው ሲጋጠሙ እንደነበር ያኔ ነው የነገሩኝ። ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። እኔ ሰው የመጠየቅ ችግር አለብኝ መሰለኝ። አንቺ ታውቂዋለሽ።

በቃ፣ ወደ ልመናው።

አንድ ማታ ምድር ቤት የሚጋጠሙት ልጆች ስለ አገራችን ጎራዴ ጠየቁኝ። የእነሱ ዳው የሚሉት አንድ ወገን ብቻ ስለት ያለው ቆልማማ ሰይፍ አላቸው፣ ከዚያ ጋር ሊያነጻጽሩ። እኔም አፌ አያርፍ፣ «አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል» አልኩ። አያቴ! የኔ አያት ከመጥረቢያ ሌላ ምን ነበራቸው? እናንተ ቤት ያለውን የአባባን ጎራዴ ነው በወሬ የሰረቅኩት። አሰልጣኙ አሁን «ልኩን ካመጣሽ ከእንጨት አስመስዬ እሠራልሻለሁ፣ ሻንጋይ ላይ በእሱ ትጋጠሚያለሽ» አለኝ። አልቀበልም ማለት አቃተኝ።

እና ለኪልኝ። ከእጀታው እስከ ጫፉ ስንት ሴንቲሜትር ነው? ጀርባው እጀታው ጋ ምን ያህል ይወፍራል፣ ወደ ጫፉስ? ከአፎቱ አውጥተሽ በእህል ሚዛን መዝኚው። ከሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው፦ በጎኑ ጣትሽ ላይ አስተኚውና ወደ የትም ሳያዘነብል የሚቆምበትን ቦታ ፈልጊ። ከእጀታው ስንት ጣት እንደሚርቅ ጻፊልኝ። ሕፃኑ፣ ወይ ሕፃኗ፣ አጠገብሽ እንዳይኖር። እንዳትኖር።

አባባ... አሉ አይደል? እንዲህ ብሎ መጠየቅ ራሱ ደም ያስተፋል። ካሉ አስፈቅጂልኝ፣ እጃቸውንም ሳሚልኝ። የዋሸሁትን ግን እንዳትነግሪያቸው። ከሌሉ ደግሞ ጎራዴውን ተዪው፤ ስልክሽን ብቻ ላኪልኝ፣ በዚያው ቀን እደውላለሁ።

የልጅሽንም ስም ጻፊልኝ። እህል ሚዛኑ ላይ ከጎራዴው ቀጥሎ መዝነሻትም ቢሆን ኪሎዋን ንገሪኝ። ሴት ናት ብዬ ገመትኩ፤ ካልሆነም ለመመታት ለምጃለሁ።

የአንቺው፣
ጣተ ሽንኩርቷ