በትረ መንግሥት የመምቻ ዱላ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ በትረ መንግሥት፣ ማለትም ንጉሥ በእጁ ስለሚይዘው የሥልጣን በትር፣ የወጣው ጽሑፍ በትሩን «ገዢ ሕዝቡን የሚቀጣበት ዱላ» ነው ብሎ ደምድሟል። በዚህ አልስማማም።

በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ ሰይፍም በትረ መንግሥትም ለየብቻ ነው የተሰጣቸው። ነገሩ ጉልበት ብቻ ቢሆን ሰይፉ አይበቃም ነበር? መዝሙረ ዳዊትም የመንግሥትን በትር የቅንነት በትር ይለዋል።

እኛ ወሎዎች ይህን ለማወቅ ቤተ መንግሥት መግባት አያስፈልገንም። የአያቴ ከዘራ እጀታው ከመዳፋቸው ወዝ ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቅ ነበር። የተጣላ ሊያስታርቁ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ላይ ያጋድሙታል። አንዱ ሲናገር ሌላው ጣልቃ ከገባ ጫፉን ቀና ያደርጉታል። በቃ፣ ሰው ዝም ይላል። እርቁ ሲያልቅ ደግሞ ተደግፈውት ይነሳሉ። ማንንም ሲመቱበት አላየሁም። ሥልጣን ማለት ለእኔ ያ ከዘራ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ይህ ትርጉም ከሽማግሌዎቻችን ጋር አብሮ እንዳይቀበር እሰጋለሁ። ስለዚህ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. የነገሡባት ደሴ በሙዚየሟ አንድ ጥግ ትስጠው። የሽማግሌ ከዘራ፣ የካህን መቋሚያና የሼኽ ምርኩዝ ጎን ለጎን ይቀመጡ። ከሥራቸውም ከምን እንጨት እንደተሠሩ፣ መቼ እንደሚነሱና መቼ መሬት እንደሚቀመጡ ይጻፍ። የባህል ቢሮው ከየወረዳው ሽማግሌዎችን ጠይቆ ድምፃቸውን ቢቀዳ ሥራው ዘንድሮ ሊጀመር ይችላል።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ