የጋዜጣ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የተለማማጅ ውሎ

ክበባችን ዘንድሮ በየሩብ ዓመቱ አንድ፣ በድምሩ 4 እትም አውጥቷል። እያንዳንዱ 8 ገጽ ሲሆን ከመጨረሻው በቀር 200 ቅጂ ታትሟል። እትሞቹ ተጠርዘው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስላሉ ይዘታቸውን እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። መነገር ያለበት የተለማማጆቹ ሥራ ነው። ተለማማጅ የምንላቸው የመጀመሪያ ዓመት አባላት ስማቸው እምብዛም በጋዜጣው ላይ አይወጣም፤ ጋዜጣው የሚታመነውም የሚታማውም ግን በእነሱ ደብተር ነው።

ውሎው ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በፊት ይጀምራል። ተለማማጁ ከተረኛው አዘጋጅ የዕለቱን ሥራ ተቀብሎ ደብተሩን ያሰናዳል። ገጹን መሃል ለመሃል ያሰምራል፤ በግራ ሰው የተናገረውን፣ በቀኝ ራሱ ያየውንና ገና የሚጣራውን ይጽፍበታል። ገጾቹ ከ1 ጀምሮ ቁጥር አላቸው፤ ቅጠል መቅደድ አይፈቀድም። እስክሪብቶ ሁለት ይያዛል። የጅማ ዝናብ መቼ እንደሚጥል አይታወቅምና ደብተሩ በላስቲክ ይሸፈናል።

በሚኒ ሚዲያ የሚነገሩ ማስታወቂያዎችን መመዝገብ የመጀመሪያው ልምምድ ነው። «ሐሙስ በ8 ሰዓት የወላጆች ስብሰባ አለ» ሲባል የሰሙትን መጻፍ ብቻ አይበቃም። ሥነ ሥርዓቱ እንዳበቃ ተለማማጁ ማስታወቂያው የተጻፈበትን ወረቀት አይቶ የዕለቱን ስም ከቀኑ ቁጥር ጋር ያስተያያል። ካልገጠሙ አንዱ ስህተት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ጽሕፈት ቤቱ ይጠየቃል እንጂ አይገመትም።

ሰዓት ሌላ ጣጣ አለው። የክበቡ መቅረጸ ድምፅ ሰዓቱ የተሞላው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ጠዋት 3:20 ላይ የተቀዳ ቃል 9:20 ይላል። በ1ኛው እትም ይኸው ቁጥር እንዳለ ተገልብጦ የጠዋቱ የጽዳት ዘመቻ ከሰዓት በኋላ የተካሄደ መስሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ጀርባ ላይ «6 ቀንስ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ቃለ መጠይቅ የሚደረገው በዕረፍት ሰዓት ነው። ያለው 15 ደቂቃ ስለሆነ ለአንድ ሰው ከ5 ጥያቄ በላይ አይዘጋጅም። የመጀመሪያው ምንጊዜም ስም ነው፦ «ስምዎን በእጅዎ ይጽፉልኛል?» ኃይሉን በ«ኃ» የሚጽፍ አለ፣ በ«ሀ» የሚጽፍም አለ፤ ትክክለኛው ባለቤቱ የጻፈው ነው። ሐጂ ወይም ቄስ ተብለው የሚጠሩ ከሆነ ማዕረጉም አብሮ ይመዘገባል።

በከተማችን ስሙን በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ የሚጽፍ ብዙ ነው። ቁቤን በእንግሊዝኛ ልማድ የሚያነብ ተለማማጅ እዚህ ላይ ይስታል። «ሲ» የምትባለው ፊደል ብቻዋን ስትሆን «ጨ» ናት፤ «ኤች» ስትከተላት «ቸ» ትሆናለች፤ «ኤክስ» ደግሞ «ጠ» ናት። ይህን ያላወቀ ጫልቱን «ካልቱ» ብሎ ያሳትማል። የሰው ስም ማበላሸት ትንሽ ስህተት አይደለም፤ ጋዜጣውን ቤቷ ወስዳ ለእናቷ ለማሳየት የጓጓችን ተማሪ ያሳዝናል። በአፋን ኦሮሞ የተሰጠ ቃል በደብተሩ ግራ መጀመሪያ በተነገረበት ቋንቋ ይሰፍራል፤ ቀጥሎ ወደ አማርኛ ይመለስና ለተናጋሪው ይነበብለታል። «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» ካላለ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አይገባም።

የዓመቱ ከባዱ ሥራ ለ2ኛው እትም የተሠራው የቡና ዋጋ ዘገባ ነበር። «ቡና ስንት ገባ?» ማለት የጅማ ልጅ ሁሉ ያውቅበታል፤ ለጋዜጣ ግን ጥያቄው ጎዶሎ ነው። የትኛው ቡና? እሸቱ ከዛፍ እንደተለቀመ ይሸጣል፤ ጀንፈሉ ከነገለባው የደረቀ ነው፤ ተፈልፍሎ የተበጠረው ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው። 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ የሚደርስ እሸት ይፈጃል። የእሸቱን ዋጋ ከንጹሑ ጎን አስቀምጦ ልዩነቱን በሙሉ የነጋዴ ትርፍ ማድረግ ገበሬውንም ነጋዴውንም መበደል ነው።

መለኪያውም እንዲሁ ነው። አንዱ በኪሎ ይነግርሃል፣ ሌላው በፈረሱላ፣ ደጃፍ ላይ የምትቸረችረው በጣሳ። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ከሂርማታ ገበያ የመጣ አንድ ረቂቅ የፈረሱላውን ዋጋ ለ20 አካፍሎ የኪሎ ዋጋ አድርጎት ነበር፤ አዘጋጁ ለ17 ሲያካፍለው ከሌሎቹ ሁለት ሻጮች ዋጋ ጋር ገጠመ። የጣሳ ዋጋ ብቻ ከተገኘ ጣሳው ተሞልቶ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ጣሳና ጣሳ እኩል አይደለምና። ከ3 ሻጭ በታች ተጠይቆ የመጣ ዋጋ አይታተምም፤ የተጠየቀበት ቀንም ከዋጋው ጎን ይጻፋል።

ለ3ኛው እትም ጅሬን ላይ ስላለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሲጻፍ ያስቸገረው የዘመን አቆጣጠር ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው። ረቂቁ ላይ «እ.ኤ.አ.» ወድቆ «ዓ.ም.» ገብቶ ነበር። 1932 ዓ.ም. ደግሞ የጣልያን ወረራ ዘመን ነው፤ እንደዚያው ቢታተም ንጉሡን ካረፉ ከ7 ዓመት በኋላ ዙፋን ላይ ያስቀምጣቸው ነበር። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ደግሞ 8 ዓመት መሆኑን ተለማማጆቹ ደብተራቸው ሽፋን ላይ ጽፈውታል።

ከትምህርት በኋላ ትየባ ነው። በአሮጌዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ በየኮምፒውተሩ በሚነበበው በዩኒኮድ፣ በኒያላ ፎንት ይተየባል፤ ወደ ማባዣ ቤት የሚሄደውም ፒዲኤፍ ብቻ ነው። አራት ነጥብ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት አይሠራም፤ መስመር መጨረሻ ላይ ተሰንጥቆ ግማሹ ወደ ታች ይወርዳል።

8 ገጽ የሚወጣው ከ2 ኤ3 ወረቀት ነው። የውጪው ወረቀት በአንድ ፊት 8ንና 1ን፣ በጀርባው 2ንና 7ን ይይዛል፤ የውስጠኛው 6ንና 3ን፣ ጀርባው 4ንና 5ን። ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ ሁልጊዜ 9 መምጣት አለባቸው፤ ካልመጡ ማባዛቱ ይቆማል። ለ200 ቅጂ 400 ወረቀት ይበቃል፤ 500 ወረቀት ከሚይዘው አንድ ደስጣ የሚተርፈው 100 ለብልሽት ነው። 4ኛው እትም ሰኔ ላይ ደርሶ ደስጣው ከዋዜማው ተከፍቶ አደረ፤ ወረቀቱ እርጥበት ስቦ ሁለት ሁለት እየሆነ ማሽኑ ውስጥ ተጠቀለለ። 130 ወረቀት ስለተበላሸ 185 ቅጂ ብቻ ወጣ። ደስጣ ከእንግዲህ የሚከፈተው ማሽኑ ከሞቀ በኋላ ነው።

የዓመቱ ደብተሮች በክበቡ ቁም ሣጥን ተቆልፎባቸዋል። መስከረም ላይ የሚመዘገቡ አዲስ ተለማማጆች መጀመሪያ የሚሠሩት ከደብተሮቹ አንዱን ወስደው ከእሱ የወጣውን ዜና መስመር በመስመር ማመሳከር ነው፤ ያልገጠመላቸውን በቀይ እስክሪብቶ ያሰምሩበታል።