ቀለበትን የሚያጎላው ሜጋፒክስል አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጌጣጌጥ ለማንሳት ካሜራ የሚገዙ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ሜጋፒክስል ነው። 24 ሜጋፒክስል ለካታሎግም ለድረ ገጽም ይተርፋል። መጠየቅ ያለበት ሌንሱ ምን ያህል ያጎላል የሚለው ነው። 1፡1 የተባለ እውነተኛ ማክሮ ሌንስ የ20 ሚሊ ሜትር ቀለበት ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ 20 ሚሊ ሜትር አድርጎ ያሳርፋል፤ ከካሜራው ጋር የሚሸጠው ተራ ሌንስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ እስከ ሲሶ ቢደርስ ነው።

የማክሮ ሌንሱ የትኩረት ርዝመት (ሌንሱ ላይ በሚሊ ሜትር የሚጻፈው ቁጥር) ከ90 እስከ 105 ቢሆን እንመርጣለን። የ50ው ሌንስ አፍንጫው ሥር ካልቀረበለት አያጎላም፤ ያኔ ጥላው ፈርጡ ላይ ይወድቃል፣ የሌንሱ ጥቁር ክብም በተወለወለው ወርቅ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ትንንሽ ካሜራዎች ላይ ያለው የአበባ ምልክትም (የቅርብ ማንሻው) ጣጣው ይኸው ነው።

በዚህ ቅርበት ፈርጡ ጥርት ሲል የቀለበቱ ጀርባ ይደበዝዛል። ብዙዎች ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 22 ያጠቡታል (የኤፍ ቁጥር ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፤ ብርሃኑ ስለሚበተን ግን ሙሉው ምስል ይፈዛል። ኤፍ 8 ላይ አቁሞ፣ ፎከሱን ከፊት ወደ ኋላ በጥቂት በጥቂቱ እየገፉ ከ10 እስከ 20 ፎቶ አንስቶ በሶፍትዌር ማዋሃድ ይሻላል። ፎከስ ብራኬቲንግ የሚባለው ያለው ካሜራ ፎከሱን እየገፋ ፎቶዎቹን በራሱ ያነሳል፤ ገንዘብ መጨመር የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

የቀረው ትራይፖድ፣ አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ትብነት) 100 እና የ2 ሰከንድ ታይመር ነው። ዋይት ባላንሱን (የመብራቱን ቀለም የሚያካክሰውን ቅንብር) በግራጫ ካርድ ያስተካክሉ፤ አውቶ ላይ ከተተወ ካሜራው የወርቁን ቢጫነት የመብራቱ ቀለም መስሎት ሊያገረጣው ይችላል።

የጌጣጌጥ ፎቶ አንሺዎች